መልስ፦ የተላጠ ቫርኒሽ ላይ ደርቦ መቀባት ይቻላል ወይ?

ሰላም እህቴ፣ የግቢሽ የዋንዛ በር ቫርኒሹ ተልጦ እንጨቱ አመድ መስሏል፣ ደርቤ ብቀባው ይይዛል ወይ ላልሽው አይይዝም፣ በጭራሽ እንዳትሞክሪው። እኔ ጎንደር፣ አዘዞ እናቴ ቤት በረንዳው ላይ ቸኩዬ ደርቤ ቀብቼ ክረምቱ ሳይወጣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ አለቀ፣ በጣም ነው የቆጨኝ። አመድማው ነገር እኮ ፀሐይ የበላችው እንጨት ነው፣ ቫርኒሹ እሱን ይዞ አብሮ ይነሳል፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከባድ ነው።

መጀመሪያ የተላጠውን ቫርኒሽ በሙሉ ፍቂው፣ ከዛ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የዋንዛው ቡናማ መልክ እስኪወጣ ፈትጊው፣ ግን ሁሌ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ፣ አቋርጠሽ ከፈተግሽው ጭረቱ ቫርኒሽ ሲነካው ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ በ120 ቁጥር ፈትጊው፣ አቧራውንም ጥረጊው።

ቫርኒሽ ስትገዢ "የውጪ" ብለሽ ጠይቂ፣ የቤት ውስጡ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮ ስለማይሳብ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ዙር ጣሳው ላይ በተፃፈው ቲነር አቅጥነሽ ቀቢው፣ ውስጥ ድረስ እንዲገባ። በደንብ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገሽ ድገሚው፣ ሦስት አራት ዙር ያስፈልገዋል።

ደግሞ የበሩን የታች ጠርዝ አደራ! ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው፣ ውሃውን የሚመጠው በዛ ነው፣ በሩን ከማጠፊያው አውልቀሽ ገልብጠሽ ቀቢው። አሁን ዝናብ ካለ ተይው፣ ከመስቀል በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ ጠዋት በጥላ ጀምሪው።