የኢትዮጵያንና የኬንያን ደን ማነጻጸሬን ልተው? ላልሽኝ የድሬዳዋ ተማሪ

እህቴ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስሽ የኢትዮጵያና የኬንያ ደን ባዮማስ (የዛፎቹ ደረቅ ክብደት) እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2020 እንዴት እንደተለወጠ ማነጻጸር ጀምረሽ ነበር። አማካሪሽ «የሁለቱ አገር ቁጥር ከአንድ መለኪያ የተነሣ ነው ወይ?» ሲሉሽ ግን ተስፋ ቆረጥሽ። ርዕሱን ትቼ ቀለል ያለ ልያዝ ወይ ብለሻል።

አትተዪው። የሁለት አገር ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነሱ ጨመሩ፣ እኛ ቀነስን» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። አማካሪሽ የጠየቁሽ ዋናውን ጥያቄ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር መድረስ የሚችሉ ዛፎችና ከ10 በመቶ በላይ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለውን መሬት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የራሷን መለኪያ ስትቀይር ቁመቱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ፣ ሽፋኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገች። ኬንያ ደግሞ 2 ሜትርና 15 በመቶ ትላለች። እንግዲህ ሞያሌ አካባቢ ከ3 ሜትር የማያልፉ ዛፎች የበቀሉበት፣ ሽፋኑ 17 በመቶ የሆነ መሬት አለ እንበል። ኬንያ በኩል ደን ነው፤ እኛ በኩል አይደለም፤ በፋኦ መለኪያ በሁለቱም በኩል አይደለም። ባዮማሱ ግን ያው ነው።

የሳተላይት ካርታም ብቻውን አያወጣሽም። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2010 እና የ2018 የባዮማስ ካርታዎች የተሠሩት በተለያዩ ራዳሮች መረጃ ነው። ከጠፈር ጣቢያ ሆኖ የዛፍ ቁመት በሌዘር የሚለካው ጄዳይ (GEDI) የተባለው መሣሪያም መረጃ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የምታዪው ልዩነት የደኑ ይሁን የመሣሪያው መለየት አለብሽ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ላይ ደግሞ ባዮማሱ ቢጨምርም የራዳሩ ምልክት መጨመሩን ያቆማል፤ በእኛ ከፋና በኬንያው ካካሜጋ ደን ላይ ይህ ይገጥምሻል።

ስለዚህ ሃያውን ዓመት አሳጥሪው፤ ለሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ካርታና አንድ የደን መለኪያ ተጠቀሚ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ተነሺ። ደንገጎ ወይም ባቢሌ አካባቢ የናሙና ቦታዎች ምረጪ፤ የዛፎቹን ውፍረት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለኪ፣ ቁመታቸውንና የእንጨታቸውን እፍጋት ጨምረሽ ባዮማሱን አስዪ፣ ካርታው ከሚለው ጋር አስተያዪው። ጥቂት ቦታ አገር አይወክልም፤ ካርታው የእኛ ቆላ ግራር ላይ ምን ያህል እንደሚስት ግን ያሳይሻል። እኔ ቢሮ የገባሁት ለዓመታት ሜትር ይዤ ዛፍ ስለካ ከቆየሁ በኋላ ነው፤ ዛሬም ለቅጥር የሚቀርብን ወጣት መጀመሪያ የምጠይቀው በእጁ የለካውን እንዲያሳየኝ ነው።

ለጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራትና የመተንተን) ሥልጠና ልክፈል ወይ ላልሽው፣ አትክፈይ፤ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ራስሽ ተለማመጂበት።

አጎትሽ «ዛፍ ቆጥሮ ማን ቤት ሠራ? ትራንዚተር ቢሮዬ ግቢ» ብለውሻል። ደሞዙን ግን አልነገሩሽም። በአክብሮት «በወር ስንት?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ካልመለሱልሽ የሰጡሽ ቅጥር አይደለም፣ ዘመድ እንድታገለግዪ ነው። አባትሽም ታናናሾችሽን የማስተማሩን ሸክም አንቺ ላይ ብቻ መጫናቸው ልክ አይደለም። ታላቅ ወንድምሽ ደሞዝተኛ መሆኑን ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ እስክትመረቂ ድረስ ወጪውን እሱ ይሸፍን፣ ይህንንም አባትሽ ባሉበት ንገሪው።