መልስ፦ የማሳው ወርድ ለምን 23.5 ሜትር አልሆነም?

እህቴ፣ ዙሪያው በ54 ሜትር የድንጋይ ካብ የታጠረ ባለ አራት ቀጥተኛ ማዕዘን የመንዝ ገብስ ማሳ ርዝመቱ ከወርዱ በ7 ሜትር ቢበልጥ ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው ብለሻል። አንቺ ወርዱን ወ ብለሽ፣ 2ወ + 7 = 54 ጽፈሽ ወርዱን 23.5 አወጣሽ። ስሌትሽ ልክ ነው፤ የሳትሽው አጥሩን ነው። አንድ ወርድና አንድ ርዝመት ደምረሽ ቆምሽ፤ ካቡ ግን ማሳውን ዞሮ ይገጥማል።

ቁጥር ከመጻፍሽ በፊት ማሳውን ሳዪው፤ በየጎኑም ጻፊበት፦ ወ፣ ወ + 7፣ ወ፣ ወ + 7። ሲደመር 4ወ + 14 = 54። ከሁለቱም ወገን 14 ቀንሺ፣ 4ወ = 40። ለ4 ስታካፍዪው ወ = 10። ርዝመቱ 17፣ ስፋቱ 170 ካሬ ሜትር።

አሁን 23.5ን መልሰሽ ፈትኚው፦ ርዝመቱ 30.5፣ ዙሪያው 108 ይሆናል። ከተሰጠሽ ልክ እጥፍ! እጥፍ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የተረሳ ጎን ነው።

ደብረ ብርሃን ሆነሽ በደብተር ብቻ አትወሰኚ፤ ሜዳ ላይ በካስማ ቀይሺው። ማዕዘኖቹ ትክክለኛ 90 ዲግሪ ከሆኑ ከጥግ ወደ ጥግ የተዘረጋው ገመድ 19.72 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የ10 ካሬ 100 ሲደመር የ17 ካሬ 289፣ 389 ነውና የእርሱ ካሬ ሥር ነው።