ዳዊቱ ላይ ያለው ስም ለምን ከቅድመ አያትህ ጋር አልገጠመም?

በቤተሰብህ እጅ ባለው የብራና ዳዊት (የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ) ላይ የባለቤቱ ስም «ወልደ ሚካኤል» ተብሎ ቤተሰቡ ግን ቅድመ አያትህን «ተሰማ» ማለቱ አያደናግርህ። አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ዳዊቱ ላይ በተጻፈው ጸሎት ውስጥ የሚገባው የባለቤቱ የክርስትና ስም ነው። አሜሪካ «የቤተሰብ ስም» ብለው የጻፉልህ ደግሞ የአባትህ ወይም የአያትህ ስም እንጂ የዘር መጠሪያ አይደለም፤ በእሱ ብቻ ሩቅ አትሄድም።

መጀመሪያ የዳዊቱን የፊትና የኋላ ባዶ ቅጠሎች ፎቶ አንሳ። ልደትም፣ ሞትም፣ የመሬት ውልም እዚያ ሊጻፍ ይችላል። ከዚያ አክስትህ ጋ ደውል። «ቅድመ አያቴ ማን ነበሩ?» ሳይሆን «ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ» በላቸው። ለጋብቻ ሲባል የሚቆጠር ዘር ቶሎ አይረሳም። የተቆጠሩትን አያቶች የክርስትና ስምም ጠይቅ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ስሙ ያለበትን ብራና ብርሃን ላይ አዘንብለህ እየው። ዳዊት ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል። እኔ ይህን ሳላይ ዓመት ሙሉ የሰው አያት ስፈልግ ከርሜያለሁ።