ስትሮክ ያዛለው ክንድ የት ይረፍ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ወር ሊሆን ነው፤ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። እጃቸው እንዳይንጠለጠል ብለን ቀኑን ሙሉ በነጠላ አንገታቸው ላይ እናስርላቸዋለን። አሁን ትከሻቸውን ያማቸዋል፤ ጫፉ ላይም ጎድጎድ ብሏል። ወልቋልና ወጌሻ ይየው የሚሉን አሉ። ለመነሳት ሲሞክሩ ደግሞ ወደ ግራ ያጋድላሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እባክዎ ወጌሻ ዘንድ አይውሰዷቸው። ወድቀው ወይም እጃቸው ተጎትቶ ከነበረ ራጅ ይነሱ። ያ ካልሆነ ግን ትከሻው እንዲህ የሚጎደጉደው አጥንቱን ከቦታው አጥብቀው የሚይዙት ጡንቻዎች ሲዝሉና አጥንቱ በክንዱ ክብደት ወደ ታች ሲንሸራተት ነው። አንድ ክንድ የሰውነት ክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ስቦ መመለስ አይጠቅምም፤ ጡንቻው እስኪይዘው ድረስ መልሶ ይወርዳል፣ የላላው ጅማትም ይጎዳል። ይኸው ክብደት ካልተደገፈ ደረታቸውንም ወደ ግራ ይስባል።

ነጠላው ለመቆምና ለመራመድ ብቻ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ሲታሰር ክርኑ ታጥፎ፣ ክንዱ ደረት ላይ ተጣብቆ ስለሚውል ትከሻው በዚያው ይደርቃል።

ሲቀመጡ ጠረጴዛ ያስጠጉላቸው። የታጠፈ ጋቢ አንጥፈው ክንዳቸውን ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያሳርፉበት፤ ክርኑ ከትከሻው ትንሽ ወደፊት፣ መዳፉ ወደ ታች፣ ጣቶቹ የተዘረጉ ይሁኑ። ከፍታውን ትከሻቸው ይነግርዎታል፦ ወደ ጆሮ ከተገፋ ጋቢው በዝቷል፣ ወደ ግራ ካዘነበለ አንሷል። እጃቸውን ሲያነሱላቸው ከትከሻ ከፍታ አያሳልፉ፤ ካመማቸው እዚያው ያቁሙ።

አነሳሱ ላይ ቤተሰብ አዘውትሮ የሚሳሳተው ብብት ሥር ገብቶ በማንሳት ነው። የላላውን ትከሻ የሚጎዳ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ዝቅተኛ ሶፋና በርጩማ ይቅር፤ የማይነቃነቅ፣ መቀመጫው ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል። ወደ ጠርዙ ይጠጉ፣ ተረከዛቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደኋላ ይሳቡ። ጣቶቻቸውን ያቆላልፉና የግራው አውራ ጣት ከላይ ሆኖ እጃቸውን ወደፊት ይዘርጉ። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው ሲያልፍ ያን ጊዜ ይነሱ። እርስዎ በግራ በኩል ሆነው ዳሌያቸውን ይደግፉ። ሲለምዱት ግራ እግራቸው ከቀኙ ጥቂት ወደኋላ ይሁን፤ ክብደቱን የሚሸሹበት እግር እንዲሠራ።

ለሚዛን፣ እግራቸው መሬት ረግጦ ተቀምጠው ሳሉ ስኒ በግራ ፊታቸው፣ ቀኝ እጃቸው ከሚደርስበት ጥቂት አሳልፈው ያኑሩ። 10 ጊዜ ይድረሱበት፤ ሰው ከአጠገባቸው አይለይ። በመሃል ግራ ክርናቸው ራሱን ካጠፈና ጣታቸው ከተጨበጠ ልፋቱ በዝቷል፤ አርፈው ስኒውን ያቅርቡት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አባትዎ በቀኝ እጃቸውና በቀኝ እግራቸው እየገፉ ወደ ግራ የሚሄዱ ከሆነና ሲያቃኗቸው ይበልጥ የሚገፉ ከሆነ፣ ድካም ብቻ አይደለም፤ ቀጥ ማለት ምን እንደሆነ አእምሯቸው አዛብቶ እየነገራቸው ነው። አይታገሏቸው። ቀኝ ጎናቸውን ግድግዳ አጠገብ አድርገው ያስቀምጧቸውና «ትከሻዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ» ይበሏቸው፤ ዓይናቸውም የበሩን መቃን ይይ። ይህን ምልክት ለፊዚዮቴራፒስቱ ይንገሩ፤ የልምምዱ ቅደም ተከተል ይለወጣል።