ጥያቄና መልስ፦ በጥቂት ብር የተሠሩ የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ለምን ይይዙናል?

ከተለያዩ አንባቢዎች ስለ 1960ዎቹና 70ዎቹ የአሜሪካ «ኤክስፕሎይቴሽን» ሆረር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤክስፕሎይቴሽን የሚባለው ርካሽ ፊልም ሁሉ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መለያው ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የማይደፍሩትን ነገር ይዞ ተመልካች መጥራቱ ነው። ሆሊውድ እስከ 1968 ድረስ ፊልም ላይ ምን መታየት እንደማይችል በሚወስነው ደንብ፣ በፕሮዳክሽን ኮድ ታስሮ ነበር፤ በግላቸው የሚሠሩት ግን ፊልማቸውን ያለ ኮዱ ፈቃድ፣ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ለሚያይባቸው ድራይቭ ኢን ሲኒማዎች ያከራዩ ነበር። የሄርሼል ጎርደን ሉዊስ «ብለድ ፊስት» (1963) ማያሚ ውስጥ በ24,500 ዶላር ገደማ ተሠራ። ትወናው ደካማ ነው፣ ታሪኩም እንዲሁ። ግን ደምን በቀለም፣ ከቅርብ አሳየ፤ ምላስ ለሚቆረጥበት ትዕይንት እውነተኛ የበግ ምላስ ነው የገባው። ሰው የከፈለው ለዚያ ነበር።

ጥያቄ፦ «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር»ን ደም የበዛበት ነው ሲሉኝ አየሁት፣ ደም ግን አጣሁበት። ተቆርጦ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው ሙሉውን ነው። ዳይሬክተሩ ቶብ ሁፐር ቀለል ያለ የዕድሜ ገደብ አገኛለሁ ብሎ ደሙን ሆን ብሎ ቀንሶታል፤ የተሰጠው ግን ጠንከር ያለው «አር» ነው፣ ልጆች ያለ አዋቂ የማይገቡበት። የመንጠቆውን ትዕይንት መልሰሽ እዪው። ልጅቷ ወደ ላይ ትነሣለች፣ ፊቷን እናያለን፣ ከሥሯ ባልዲ አለ። ብረቱ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ግን አንድም ጊዜ አይታይም። ባልዲው ለምን እንደተቀመጠ ስናስብ ቀሪውን ራሳችን እንሞላዋለን።

የዚህ ፊልም ኃይል ከእጥረቱ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የተቀረጸው ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠባብ የፊልም ጥቅል ነው፤ የመረጡት ጥቅል ብርሃን የመቀበል አቅሙ አነስተኛ ስለነበር ብዙ መብራት ፈለገ። መብራቱ ሙቀት አመጣ፤ ወቅቱ ደግሞ የ1973 የቴክሳስ በጋ ነበር። ለእራቱ ትዕይንት መስኮቶቹ ተሸፍነው ከ24 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ሲቀረጽ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሥጋ ሸተተ። ተዋንያኑ ፊት ላይ የምናየው ድካምና መንገሽገሽ በትወና ብቻ የመጣ አይደለም። ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፊልም ማቀዝቀዣ ያስገባ ነበር።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት የ«ቴክሳስ ቼይን ሶው» ኮፒ ሁሉ ሮዝ መስሏል፣ ምስሉም ሻካራ ነው። ዳይሬክተሩ ፈልጎት ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ሻካራነቱ የፊልሙ የራሱ ነው፤ የ16 ሚሊ ሜትር ምስል ስፋቱ ሲኒማ ከለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ምስል ሩብ እንኳ አይሞላም፣ ለሲኒማ ሲሰፋ ቅንጣቶቹም አብረው ይሰፋሉ። ሮዝነቱ ግን እርጅና ነው። በዚያ ዘመን የኢስትማን (የኮዳክ ኩባንያ) የቀለም ኮፒዎች ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ነው፤ ሙቀት ያለበት መጋዘን ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ካሜራ ውስጥ ከነበረው ከመጀመሪያው ፊልም ታድሶ የወጣውን ፈልግ። ቴሌቪዥንህ ላይም ምስል የሚያለሰልሱትን ማስተካከያዎች አጥፋ፤ ካላጠፋህ የተዋንያኑ ፊት ፕላስቲክ ይመስላል።

ጥያቄ፦ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ለምን በነፃ በየቦታው ይገኛል?

መልስ፦ በ1968 አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ምልክቱ ከአሮጌው ርዕስ ጋር አብሮ ወጣ። በወቅቱ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ያለ ምልክቱ የወጣ ሥራ ጥበቃውን ያጣ ነበር። ለዚህ ነው መጥፎ ኮፒ የበዛው፤ በ2016 የታደሰውን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ብዙዎቹ ሴት ማሰቃየት ብቻ አይደሉም?

መልስ፦ ብዙዎቹ ናቸው፣ እነሱን አልከላከልም። እኔ የማየው ካሜራው ከማን ጋር እንደቆመ ነው፤ ከተጠቂዋ ፍርሃት ጋር ከሆነ እከታተለዋለሁ፣ ሥቃይዋን ከሚደሰትበት ጋር ከሆነ አጠፋዋለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አጭር ሆረር እየቀረጽን ነው፤ ደማችን ካሜራ ላይ ሮዝ ይሆናል።

መልስ፦ ቀይ የምግብ ቀለም ብቻውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ሮዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፍሉ፤ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምሩበት፣ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይጠጥር ይከላከላል። ሟሙቶ ትንሽ ወፈር ሲል አውርዱት፣ ከቆየ ከረሜላ ይሆንባችኋል። ሲቀዘቅዝ ቀዩን ቀለም በጥቂት በጥቂቱ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ጨምሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካካዎ በሞቀ ውኃ በጥብጣችሁ አስገቡ፤ ደረቁን ከበተናችሁት ይጓጉላል። ብርሃን እንዳያሳልፍ የሚያደርገው ካካዎው ነው። በጥቁርና ነጭ የምትቀርጹ ከሆነ የቸኮሌት ሽሮፕ ብቻውን ይበቃል፣ የ«ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮም የተጠቀመው እሱን ነው። ቀለሙ ከልብስ ስለማይለቅ ለእያንዳንዱ ቀረጻ ተመሳሳይ ትርፍ ሸሚዝ ያዙ፤ ደጅ ከሆናችሁ ደግሞ ዝንብ ሳይወርር ጨርሱ።