መልስ፦ ሜተዶቹን ግዴታ አታድርጋቸው

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ «እንደ ጂዲቢ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚታዘዝ ስህተት ማረሚያ እየሠራሁ ነው፤ የተጠቃሚው ማሳያ ክላስ የትኞቹን ሜተዶች ግዴታ ይያዝ?» ብለህ ጠይቀሃል። ማሳያ ክላስ ማለት አንድ ዋጋ በማረሚያው ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚወስን የኮድ ክፍል ነው፤ ሜተዶች ደግሞ በውስጡ ያሉ ተግባራት ናቸው። ግዴታውን በጣም ጥቂቱን አድርገው! ጂዲቢ የዋጋውን አባላት (በውስጡ ያሉትን ክፍሎች) የሚዘረዝር ሜተድ መኖሩን ይፈትሻል፤ ከሌለ በጽሑፍ መግለጫው ብቻ ይረካል።

ከባዱ ነገር የስም ግጭት ነው። ተጠቃሚው ዛሬ ለራሱ የፈጠረው ሜተድ፣ አንተ ነገ ከምትጨምረው ጋር ስሙ ሊገጥም ይችላል፤ ያኔ ሲሠራ የኖረ ኮድ ይሰበራል። ጂዲቢ በ2023 በወጣው 14ኛ እትሙ ቫልዩፕሪንተር የተባለ መሠረታዊ ክላስ አስገባ፤ ከእርሱ የሚወርስ ሁሉ በስር ሰረዝ (_) የማይጀምሩ ስሞችን ለወደፊት ጭማሪ ይተዋል። አንተ ይህን ደንብ ከመጀመሪያው እትምህ አስገባው፤ በኋላ ማስገባት እጅግ ያስቸግራል። ቅዳሜ ወደ ደሴ ከወጣህ ኮዱን ይዘህ ና፣ ፒያሳ ተቀምጠን አብረን እናየዋለን።