መልስ፦ የኑስባውም የመታወቂያው ሥዕል ካምፕ ውስጥ ነው የተሳለው?

አይደለም። ጀርመናዊው አይሁዳዊ ሠዓሊ ፌሊክስ ኑስባውም የአይሁድ መታወቂያውን ይዞ የሚታይበትን የራሱን ምስል የሳለው በ1943 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ነው። የተቀላቀለብህ ከሌላኛው ጋር ነው። የ1940ው ምስሉ ታስሮበት የነበረውን፣ ደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የሳን ሲፕሪየን ካምፕ ያሳያል። እሱንም ቢሆን የሳለው ከእስር አምልጦ ብራስልስ ከገባ በኋላ ነው።

ለመለየት ካፖርቱን እይ። በ1943ቱ ሥዕል ኮሌታውን ገለጥ አድርጎ አይሁዶች እንዲለጥፉት ይገደዱ የነበረውን ቢጫ ኮከብ ያሳያል፤ መታወቂያው ላይ ደግሞ «አይሁዳዊ» የሚል ቀይ ማህተም በፈረንሳይኛና በፍላማንኛ ተመትቷል። ከኋላው ረጅም ግንብ፣ ከግንቡ ማዶ ቅርንጫፎቹ የተቆረጡ ዛፍ አለ። ያን ዛፍ ሳታየው አትለፍ፤ ለእኔ የሥዕሉ ግማሽ እሱ ነው። ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኮከቡን ያስገደዱት በ1942 ስለሆነ፣ ኮከብ ያለበትን ሥዕል ከዚያ በፊት ልታደርገው አትችልም።

የቀረውን ቅደም ተከተል እንዲህ ያዘው፦ 1904 ኦስናብሩክ (ጀርመን) ተወለደ፣ 1932 በስኮላርሺፕ ሮም ሄደ፣ 1935 ኦስተንድ (ቤልጂየም) ገባ፣ ሜይ 1940 ታሰረ፣ ጁን 1944 ከተደበቀበት ተያዘ።

የሞተበትን ቀን ስትጽፍ ግን ተጠንቀቅ። እሱና ባለቤቱ ፌልካ ፕላቴክ ጁላይ 31 ቀን 1944 ቤልጂየም ውስጥ ካለው የሜኸለን ማቆያ ካምፕ በተነሳው የመጨረሻ ባቡር ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ ወደ አውሽዊትዝ ተላኩ። ብዙዎች የሞተው ኦገስት 2 ነው ይላሉ፤ ያ ባቡሩ የደረሰበት ቀን ነው። የአውሽዊትዝ የሕክምና መዝገብ ሴፕቴምበር ላይም በሕይወት እንደነበረ ያሳያል። «በ1944 አውሽዊትዝ ሞተ» ብለህ ተወው።